ጨፌው ውስጥ የቆፈርነው ቦይ

የዚያን ቀን ጨፌው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፤ ያኔ ስምንት ዓመቷ የነበረችው ልጄ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቄጤማ ሲያጭዱ የኖሩት አሮጊት ጎረቤታችን፤ ዶማና አካፋ ይዞ የመጣው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፤ ከጨፌው በታች ቤት ተከራይታ የምትኖረው ወጣት እናት፤ እና እሷ ጀርባ ላይ የታዘለችው የሰባት ወር ሴት ልጇ። ስድስት ነን። ሌላ ሰው አልነበረም። ሌላ ሰው ቢኖር «ተዉ» የሚል ይገኝ ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ቢገኝም ግን የሚሰማው አልነበረም። ይቆፈር ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ለልጄ ስፈራ የሰው ቃል አይገባኝም።

ጨፌው ከአሰላ ከተማ በታችኛው ጫፍ ነው ያለው። ከላይ የመኪና እጥበት አለ፣ ላቫጆ የምንለው። ከላቫጆው ጎን የኪራይ ቤቶች ተደርድረዋል። የመኪናው ሳሙና፣ የልብስ እጣቢው፣ ከሽንት ቤቶቹ የሚሰርገው ሁሉ በአንድ ቦይ ተሰብስቦ ይወርድና ጨፌው ውስጥ ይገባል። የሚገባበት ቦታ ውሃው ጥቁር ነው፤ ይሸታል፤ አፍንጫ ይዞ ነው የሚታለፈው። ከዚያ ቄጤማውና ፊላው ይጀምራል። ፊላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። በዳር በዳር ዞሮ ወደ ታች ለወረደ ሰው፣ ጨፌው ሲያልቅ በድንጋዮች መካከል ጥርት ያለ ውሃ ይወጣል። እኛ «ምንጩ» ነበር የምንለው። ከታች ያሉት ቤቶች ከምንጩ ነበር የሚቀዱት፤ የቦኖው ውሃ በፈረቃ ስለሆነ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ይጠፋል።

ከላይ የሚገባው ጥቁር ውሃና ከታች የሚወጣው ጥሩ ውሃ አንድ መሆናቸውን ማናችንም አናውቅም ነበር። ጥሩው ከምድር ሆድ የሚፈልቅ ሌላ ውሃ ይመስለን ነበር። ቆሻሻው ደግሞ ጨፌው ራሱ ይመስለን ነበር። የሚሸተው ጨፌው፣ ትንኝ የሚያረባው ጨፌው። አሮጊቷ እንኳ ያን ሁሉ ዘመን እግራቸውን እዚያ ውስጥ ነክረው ሲያጭዱ፣ ስለ ውሃው ሌላ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን በፍርሃት ነው ያወቅሁት። ከልጄ በፊት አንድ ወልጄ ቀብሬያለሁ። ስለዚህ ልጄን ሳሳድግ ወተቱን ሁለቴ አፈላለሁ፤ ማንኪያውን በፈላ ውሃ እነክራለሁ፤ ካስነጠሰች ግንባሯን እዳስሳለሁ። ሰፈሩ ይስቅብኝ ነበር። ቤቴ ውስጥ ቧንቧ አለኝ፤ እሱንም ሲመጣ አፍልቼ ነው የማጠጣት። ይህን የምጽፈው ጥንቃቄዬን ለማሳየት አይደለም። ጥንቃቄዬ ስንት ሰው ድረስ ይሄድ እንደነበር እንዲታወቅ ነው። አንድ ሰው ድረስ ብቻ ነበር።

ሥራችን ቄጤማ ነው። ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለማኅበር ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘውን እናጭዳለን፣ በእስር በእስር አስረን ገበያ እንሸጣለን። ከሁሉም የሚበልጠው የቅዳሜ ሹር ነው። የዚያን ዕለት ቄጤማ ራሱ ላይ የማያስር ምእመን የለም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ይወስዳል፣ ቤቱም ይጎዘጉዛል። የሚፈለገው ለምለሙ፣ ወፍራሙ፣ ሥሩ ነጭ የሆነው ነው። እሱ ደግሞ የሚበቅለው መሃል ላይ ነው፣ ጭቃው ሰው በሚውጥበት ቦታ።

በሕማማት ማክሰኞ ልጄ ተከትላኝ መጣች። «ዳር ቁሚ» አልኳት። ዘወር ስል የለችም። ጮኸች። አረንጓዴው ላይ ስትረግጥ መሬት መስሏት ነው፤ እስከ ወገቧ ገብታለች። እጇን ይዤ ስጎትት እኔም እስከ ጉልበቴ ገባሁ። አሮጊቷ የፊላ ነዶ ጣሉልንና በእሱ ላይ ተኝቼ አወጣኋት። እግሯ ላይ ሦስት አልቅት ተጣብቋል። አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። ልጄ ማልቀሷን ተወች፤ እኔ አልተውኩም።

ያን ዕለት ከሰዓት ለባለቤቴ ወንድም ነገርኩት። ባለቤቴ የጭነት መኪና ላይ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ቤት የለም፤ ለከባድ ሥራ የምጠራው ወንድሙን ነው።

«መሃል ለመሃል ቦይ ብናወጣለትስ?» አልኩት። «ከላይ ከሚገባበት እስከ ታች፣ ቀጥ ያለ።»

«ጨፌውን ልታደርቂው ነው?»

«አላደርቀውም። መንገድ ላበጅለት ነው። ያ ሁሉ ቆሻሻ ለምን እዚያ ይተኛል? ይሂድ። ጭቃው ይጠንክር፣ እኛም ደረቅ ላይ ቆመን እንጨድ።»

«አንቺ እኮ ስትፈሪ መሐንዲስ ነው የሚወጣሽ» አለኝ። ሳቀ፣ ግን በማግሥቱ መጣ።

ረቡዕ ነበር። አሮጊቷ ነጠላቸውን አገልድመው ዳር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አልፈታም።

«በሕማማት ዶማ ይዞ! ስግደቱስ?» አሉት።

«ይኸው እያጎነበስኩ አይደል፣ እማማ? በእያንዳንዱ ዶማ አንድ ስግደት ይቁጠሩልኝ።»

«አንተ አፍህን ያዝ! ሰኔ ላይ ስታርስም ሰገድኩ ልትል ነዋ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ቄጤማ ውሃ ካጣ ይቀጥናል። ዘንድሮ ታጭጃለሽ፤ ለከርሞ ምን ልትይ ነው?»

«እማማ፣ ትናንት ያዩት አይበቃም? ልጄ ልትቀበር ነበር እኮ።»

የልጅ ነገር ከተነሣ ማንም አይከራከረኝም። እኔም ይህን አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው የማነሣው።

ወጣቷ እናት የመጣችው ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው። ቢጫ ጀሪካን ይዛ፣ ልጇን አዝላ፣ ከታች በኩል ወጣች። ከዲክሲስ በኩል የመጣች ልጅ ናት፤ ባሏ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ሰፈራችን ከገቡ ዓመት አልሞላቸውም። አማርኛዋ ውስጥ ኦሮምኛው ይገባል፣ የኔም ኦሮምኛ ውስጥ አማርኛው ይገባል፤ ስለዚህ እንግባባለን። ቀልደኛ ናት።

«እትዬ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው የምትቆፍሩት? ወርቅ ከሆነ እኔም ጎረቤት ነኝ፣ ድርሻ አለኝ።»

«ወርቁ በዚህ ቦይ ወርዶ አንቺ ደጃፍ ላይ ነው የሚወጣው» አላት የባለቤቴ ወንድም። «ጀሪካንሽን አዘጋጂ።»

«የአንተ ወርቅማ ይሸታል» አለችው፤ ሁላችንም ሳቅን።

የፊላው ሥር ለዶማ አስቸገረው፤ እንደ ምንጣፍ የተጠላለፈ ነው። ማጭድ ያስፈልጋል። እሷ ልጇን ፈታችና ለእኔ ሰጠችኝ። «ያዥልኝ፣ እጄ ጎበዝ ነው» አለችና ወርዳ ሥሩን መቁረጥ ጀመረች። እውነትም ጎበዝ ነበረች። ሕፃኗ እኔ እቅፍ ውስጥ ሆና የነጠላዬን ጥለት ትስባለች። ልታለቅስ ስትል እናቷ ከቦይ ውስጥ ቀና ሳትል «ሂንቦኢን፣ ሂንቦኢን» ትላታለች፤ አታልቅሺ ማለት ነው። ልጅቷ ከባድ ነበረች፣ ክንዷ ላይ ሥጋው ተጣጥፎ። ልስማት ፈልጌ ነበር፤ ሕማማት ስለሆነ አልሳምኳትም።

የመጨረሻው ክምር ሲነሣ ውሃው መጣ። ቀስ ብሎ ይመጣል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። በአንድ ጊዜ ነው የወረደው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ አረፋ የተሸከመ። ሁላችንም አፍንጫችንን ያዝን። አሮጊቷ ተነሥተው ቆሙና «ይህ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነበር?» አሉ። እኔ ደስ አለኝ። ወጣ፣ ሄደ፣ ተገላገልን፤ ያልኩት ይህን ነው። የት ሄደ አላልኩም። ከእኔ ጎን የቆመችው፣ ልጇን ከእጄ ተቀብላ እያዘለች ያለችው ሴት፣ ቤቷ ውሃው በሚሄድበት በኩል ነበር። ልጄ እንኳ «እማዬ፣ ወደ እነሱ ቤት ነው የሚወርደው?» ብላኛለች። «ወደ ወንዝ ነው» አልኳት።

ሐሙስና ዓርብ ጭቃው ጠነከረ። ደርሰንበት የማናውቀውን መሃሉን አጨድን። ቅዳሜ ሹር ገበያው ላይ ከእኛ ቄጤማ የሚበልጥ አልነበረም። ልጄ እግሯ ሳይረጥብ እስሩን ስታቀብለኝ ዋለች። ያን ቀን እንዴት ያለሁ ብልህ እናት ነኝ ብዬ አስቤያለሁ። ይህን መደበቅ እችል ነበር፤ ግን ካልጻፍኩት የቀረውም እውነት አይሆንም።

ከፋሲካ በኋላ የበልጉ ዝናብ በረታ። አንድ ጠዋት ወጣቷ እናት ጀሪካኗን ይዛ ደጄ መጣች። ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችልኝ።

«እትዬ፣ ምንጩ ምን ነካው? ቀለሙ ሻይ ሆነ። ይሸታል።»

አሸተትኩት። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ጥቁሩ ውሃ ከላይ ጨፌው ውስጥ በሚገባበት በኩል፣ አፍንጫዬን ይዤ የማልፈው ሽታ ነው። አወቅሁ ማለት አልችልም፤ አላወቅሁም ማለትም አልችልም።

«ዝናቡ ነው» አልኳት። «ጎርፍ ገብቶበት ነው፣ ይጠራል። አሳድሪውና በነጠላ አጥልይው።»

«ቦኖውም ከጠፋ አምስት ቀኑ። ከአንቺ ቧንቧ ትንሽ ባገኝ?»

ሁለት ጀሪካን ሞልቼ አስቀምጬ ነበር። የሚመጣበት ቀን አይታወቅም፤ ለልጄ ነው ያስቀመጥኩት። ግማሽ ባልዲ ቀዳሁላት። አመሰገነችኝ፤ ደጋግማ አመሰገነችኝ። ስትሄድ ሕፃኗ ከጀርባዋ ዞራ ታየኝ ነበር። ከጡት ጋር አጥሚት የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። አጥሚቱ በምን ውሃ ይሠራ ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ መልሱን ያውቃል።

ሳምንት አልሞላም፤ እየሮጠች መጣች። ጫማ አላደረገችም። «እትዬ፣ ልጄ፣ ልጄ፣ ወተት እንኳ አልያዘላትም።» ልጅቷ ስትያዝ ቀልላለች። ያ የተጣጠፈው ክንድ ላልቷል። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እርግብግቢቷ ጎድጉዷል። ይህን እኔ አውቀዋለሁ። በፊት የቀበርኩት ልጅ ላይ አይቼዋለሁ። ባጃጅ አስቁመን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላከን።

ሆስፒታሉ ውስጥ በጥብጠው የሰጡንን የጨውና የስኳር ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እናጠጣት ነበር። እናቷ ጭንቅላቷን ትደግፋለች፣ እኔ ማንኪያውን እይዛለሁ። አንዱን ትውጣለች፣ ሁለቱን ታወጣለች። ነርሷ መጥታ ደም ሥር ስትፈልግ ከእጇ አጣች፤ ከእግሯ አጣች፤ ከራሷ ላይ አገኘች። እናቷ ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፣ «እትዬ፣ የኔ ጡት ይሆን? ጎመን በልቻለሁ። ጎመኑ ይሆን?»

«አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምንድን ነው? ምን አደረግኳት?»

«ምንም አላደረግሽም።»

ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር። ከተናገርኩ ልጅቷን ከእጄ ትነጥቀኛለች ብዬ ፈራሁ፤ ማንኪያውን የምይዘው ማን ነው ብዬ ፈራሁ። እነዚህ ምክንያቶች ያኔ ምክንያት ይመስሉኝ ነበር። ዛሬ ሳያቸው ለራሴ የፈራሁት ብቻ ነው የሚታየኝ። እሷ ጡቷን እየወቀሰች፣ እኔ ዝም ብዬ አመሸሁ። ልጄ ብቻዋን ናት ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ከታችኞቹ ቤቶች ሌሎች ልጆችም መታመማቸው ተሰማና፣ ውሃውን የምትመረምር ወጣት ባለሙያ መጣች። ቦቲ ጫማ አድርጋለች፤ ሦስት ጠርሙስ ይዛለች። አንዱን ከላይ ሞላች፣ አንዱን ከቦዩ መካከል፣ አንዱን ከምንጩ። ሦስቱን ድንጋይ ላይ ደረደረቻቸው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነበሩ።

«ምንጩ የታለ?» አለች።

«እሱ ነው» አሏት አሮጊቷ፣ በከዘራቸው እያሳዩ።

«ይህ ምንጭ አይደለም፣ እማማ። ከላይ የሚገባው ውሃ ነው የሚወጣው።»

«ስንጠጣው የኖርን እኮ ነን! ጥርት ያለ ነበር።»

ባለሙያዋ ወደ ጨፌው ገባችና ካልታጨደው ዳር አንድ ቄጤማ ከነሥሩ ነቀለች። ሥሩን ዘርግታ አሳየችን። ሥሩ ፀጉር አለው፤ በእያንዳንዱ ፀጉር ላይ ጥቁር ነገር ተጣብቋል። በጣቷ ጠረገችውና ጣቷን አሳየችን።

«ያጠራው የነበረው ይህ ነው» አለች። «ውሃው በዚህ ሥር መካከል ቀስ ብሎ ሲያልፍ፣ ወፍራሙ ቆሻሻ ይዘቅጣል። ቀጭኑን ሥሩ ይይዘዋል። ሥሩ ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ እነሱ ይበሉታል። ከላይ እስከ ታች ለመድረስ ቀናት ይወስድበት ነበር። አሁን በዚህ ቦይ ስንት ደቂቃ የሚወስድበት ይመስላችኋል?»

አሮጊቷ ምንጩን ያሳዩበትን ከዘራ ዝቅ አደረጉ።

«ድሮም ቢሆን ሳይፈላ መጠጣት አልነበረበትም» አለች። «ግን የድሮውና ይህ አንድ አይደለም። ማን ነው የቆፈረው?»

የባለቤቴ ወንድም መሬት መሬት ያያል። አሮጊቷ እኔን አላዩኝም፤ አለማየታቸው ከማየት ይብስ ነበር። እኔ ሌላ ነገር ጠየቅኩ።

«ቢደፈን ይመለሳል?»

«ይመለሳል። ቦዩ ይደፈን፣ ቄጤማው ይተከል። ሥሩ እስኪያያዝ ግን አንድ ክረምት ይፈልጋል። ምናልባት ሁለት።»

ሁለት ክረምት! ልጅቷ ሁለት ቀን መኖሯን አላውቅም።

ያን ዕለት ብቻዬን ጀመርኩ። በማዳበሪያ ከረጢት አፈር እየሞላሁ፣ እየጎተትኩ ቦዩ ውስጥ እጥላለሁ። ውሃው ይገፋዋል፤ እንደገና እጥላለሁ። ቦዩ ቢደፈንና ልጅቷ ድና ብትመጣ ያ ውሃ እንዳያገኛት ነው ያሰብኩት። ሞኝነት ነው፤ ባለሙያዋ ነግራኛለች። ግን ሌላ የማደርገው አልነበረም። በማግሥቱ የባለቤቴ ወንድም መጥቶ አብሮኝ ጎተተ። አይቀልድም። አሮጊቷም መጥተው የቄጤማ ሥር እየቆረጡ በጣታቸው ጭቃ ውስጥ ሰኩ።

«ለምን አልተናገርሽም?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«ነገ እነግራታለሁ።»

«ለእሷ?»

«ለእሷ።»

«እሺ» አሉና ሌላ ሥር ሰኩ።

ነገ ማለቴ ሦስተኛው ቀን ሆነ። መጀመሪያ ቦዩን ጨርሼ፣ «ይኸው ደፈንኩት» ማለት ስለፈለግኩ ነው። ባዶ እጄን ይዤ ይቅርታ መጠየቅ ከበደኝ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጭቃው ከጥፍሬ ሳይወጣ፣ ሆስፒታል ሄድኩ። አልጋው ላይ ሌላ ሴት ከሌላ ልጅ ጋር ተቀምጣለች።

«እዚህ የነበረችው?» አልኳት።

«ወደ አዳማ ላኳት።»

«ልጅቷስ? እንዴት ነበረች?»

«እኔ ስገባ እየወጡ ነበር። ተሸፍና ነበር፤ አላየኋትም።»

ነርሷን ጠየቅኩ፤ ተረኛዋ ሌላ ናት፤ ሪፈር ተጽፎላት መሄዷን ብቻ ነው የምታውቀው። ስልኳን ደወልኩ፤ ዝግ ነው። በማግሥቱም ዝግ ነው። ከሳምንት በኋላ ባሏ መጥቶ ፍራሹንና ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ወጣ። እኔ ገበያ ነበርኩ። የቤቱ አከራይ «ምን እንደሆኑ አልጠየቅኩትም፣ ፊቱ አያስጠይቅም ነበር» አለኝ። ፊቱ አያስጠይቅም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ እየተረጎምኩት ነው። ልጁ የሞተችበት ሰው ፊት እንደዚያ ነው። ልጁ የታመመችበት ሰው ፊትም እንደዚያ ነው።

ወዴት ሄዱ ስል፣ አከራዩ «ዲክሲስ፣ ዘመዶቻቸው ጋ» አለኝ። ጎረቤቷ ደግሞ «ሮቤ ሥራ አግኝቷል» አለችኝ። ሁለቱም ቦታ ሄጃለሁ። ባለቤቴን ቄጤማ ልሸጥ ነው እያልኩ በሚኒባስ ሄጃለሁ። መንገድ ላይ ሳጉሬ ወርጄ በገበያ ቀን ቆሜ የሚያልፉትን ሴቶች ፊት እያየሁ ውያለሁ። ዲክሲስ አንዲት ወተት ሻጭ ታዝባኝ ጠየቀችኝ።

«ምንሽ ናት?»

«ጎረቤቴ።»

«ምን ወስዳብሽ ነው እንዲህ የምትፈልጊያት?»

«ምንም አልወሰደችብኝም።»

አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። እውነቱን ለእሷ፣ ለማላውቃት ሴት፣ ልነግራት ነበር። የሚኒባሱ ረዳት ጠራ፤ ተሳፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ክረምት አለፈ። ቦዩ ጠፍቷል፤ የት እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ጥቁሩ ውሃ እንደ ድሮው በዳር ገብቶ በቄጤማው ውስጥ ይበተናል። ባለሙያዋ ሦስት ጠርሙሷን ይዛ በየጊዜው ትመጣለች። የታችኛው ጠርሙስ በየዓመቱ ሲጠራ አይተናል። እንዳይጠጣ ምልክት ተተክሏል፤ ለከብትና ለአትክልት ግን ሆኗል፣ ቦኖውም ወደ ታች ተስቧል። ቄጤማውን አሁን በተራ ነው የምናጭደው፤ አንዱን ክፍል ስናጭድ ሌላውን እንተዋለን፣ ሥሩን አንነካም። ለሌሎቹ ሴቶች ይህን የማሳያቸው እኔ ነኝ። በአንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ «ጨፌያችንን ያዳነች እናት» ተብዬ ተጨብጭቦልኛል። ተነሥቼ መውጣት አቃተኝ። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ አላጨበጨበችም። አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያን ቀን እዚያ ነበረች፤ ታውቃለች። ቤት ስንገባ «እማዬ፣ ለምን ፈልገሽ አትነግሪያትም?» አለችኝ። «አጣኋት» አልኳት። «ሰው እንዴት ይጠፋል?» አለችኝ።

ባለሙያዋን አንድ ቀን ለብቻዋ ጠይቄያታለሁ። ያ ቦይ ባይቆፈር ልጅቷ አትታመምም ነበር ወይ ብዬ። «ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው ያለችው። እኔ ግን መጽናናቱን አልፈልግም። ልጅቷ ካለች፣ ሮጣ የምትጫወት ልጅ ከሆነች፣ ያን ጊዜ እናቷ ፊት ቆሜ የምትለኝን ሁሉ እሰማለሁ። ከሌለች ደግሞ እናቷ እስከ ዛሬ ጡቷን፣ ጎመኑን፣ እጇን እየወቀሰች ይሆናል። ያን ልሸከምላት የሚገባኝ እኔ ነኝ። ሁለቱንም ሳላውቅ መኖር ነው ያቃተኝ። ጠዋት የልጄን ውሃ ሳፈላ፣ ማሰሮው ፊት ቆሜ፣ አለች ወይስ የለችም እላለሁ። በየቀኑ ነው። ማሰሮው ይፈላል፤ መልስ የለም።

ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ሳታውቅ ወረቀት ላይ ላወጣት አልፈልግም። ግን ይህን የሚያነብ ሰው ከአርሲ ወገን ከሆነ፣ በዲክሲስም ሆነ በሮቤ፣ ወይም አዳማ ሆስፒታል የዚያን ሰሞን ልጅ ያስተኛ ከሆነ፣ አንዲት ሴት ሊያውቅ ይችላል። ወጣት ናት፣ ቀጠን ያለች፣ የግራ እጇ ትንሿ ጣት በእሳት ተቃጥላ የተጣጠፈች፤ ቀልደኛ ነበረች። ባሏ የቀን ሠራተኛ ነው። ልጇ ካለች አሁን አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ያኔ ሪፈር የተጻፈላት የሰባት፣ የስምንት ወር ሴት ልጅ ናት። ያገኘ ሰው አሰላ ገበያ ቄጤማ ከምትሸጥ ለማንኛዋም ሴት ይንገር፤ ይደርሰኛል። ሌላ አልጠይቅም። ልጅቷ ድና ነበር ወይ? በሕይወት አለች ወይ? እባካችሁ፣ የምታውቁ ንገሩኝ።